መጥቶ የሚሄድ ብልሽት፦ የአሮጌ መኪና ኤሌክትሪክ በጅዳ

በአሮጌ መኪና ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች ሁሉ መካኒክን ይበልጥ የሚፈትነው አንድ ጊዜ ታይቶ ወዲያው የሚሰወረው የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። ሞተሩ በቀትር አልነሳ ብሎ ማታ ማንም ሳይነካው ይነሳል፤ መብራቱ መኪናው ሲነጥር ይጠፋና ሌላ ቦታ ሲነጥር ይበራል። ምክንያቱ ባመዛኙ የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን የላላ፣ የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ግንኙነት ነው፤ ይህን ያልተረዳ ባለቤት ግን በግምት ባትሪ፣ ቀጥሎ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላውን ዕቃ)፣ ከዚያም ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን) እያስቀየረ ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ብልሽቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ብዙ ሐበሾች በኖሩባቸው የጅዳ ሰፈሮች፣ ከቀይ ባሕር የሚመጣው ጨዋማ እርጥበት መንገድ ዳር በሚያድር መኪና ሶኬቶች ውስጥ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። ከዚህ የከፋው ጎርፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 በከተማዋ የወረደው ዝናብ ከ100 በላይ ሰዎችን የቀጠፈና በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖችን ያበላሸ ጎርፍ አስከትሏል። ጎርፍ የገባበት መኪና ታጥቦና ደርቆ ቢነሳም፣ ውኃው በቀጫጭኑ የመዳብ ክሮች መካከል እየተሳበ በሽፋኑ ሥር ስለሚዘልቅ፣ ዝገቱ ከወራት በኋላ በሽቦው መሐል ብቅ ይላል፤ ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ምንጣፉን ገልጦ ከወንበር ሥር ያሉትን ሶኬቶች ማየት ይኖርበታል።

ሙቀት የሚያመጣውን ብልሽት በግልጽ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተሠሩት ሆንዳ ሲቪክና አኮርድ ዋና ሪሌ ነው። ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ሲሆን፣ ይኸኛው ለነዳጅ ፓምፑ ኃይል ያቀብላል። በሪሌው ውስጥ ያሉት የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳዎች በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲለጠጡና ሲኮማተሩ ከርመው፣ በእግሮቹ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያበጃሉ። እንዲህ ያለ መኪና ከጅዳ ተነሥቶ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መካ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቢቆም፣ ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ ግን አልነሳ ሊል፣ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ስንጥቁ ገጥሞ ሊነሳ ይችላል። መፍትሔው ብየዳውን ማደስ ወይም ሪሌውን መቀየር ነው።

ፍለጋው የሚጀመረው ብልሽቱ የታየበትን ሰዓት፣ ሙቀትና የመንገድ ሁኔታ በመመዝገብና ያንኑ ሁኔታ ሆን ብሎ በመፍጠር ነው፤ የተጠረጠረው ዕቃ በፀጉር ማድረቂያ ይሞቃል፣ ሽቦው ሞተሩ እየሠራ ይወዛወዛል። ብልሽቱን ዓይኑ እያየ እንዲመጣ ሳያደርግ ዕቃ የሚቀይር ባለሙያ በሰው ገንዘብ ዕጣ እየጣለ ነው። ልኬቱም ጭነት ባለበት መሆን አለበት፤ ከክሮቹ አንዱ ብቻ የቀረለት ሽቦ ያለ ጭነት ሲለካ ሙሉ 12 ቮልት ያሳያልና። ለምሳሌ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ 0.005 ኦም ብቻ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ለፍሰቱ የሚያሳየው እንቢታ፣ ቢኖረው፣ ሞተሪኖው 100 አምፔር ሲስብ 0.5 ቮልት ይበላል፤ ከ0.2 ቮልት ካለፈ ደግሞ ጫፎቹ ተፈትተው መጽዳት አለባቸው።

አልፎ አልፎ ፊውዝ የሚያቃጥል ሾርት ሲያጋጥም፣ በፊውዙ ቦታ የ21 ዋት አምፖል ይገጠምና በዚያ መስመር ላይ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ ይጠፋሉ፤ አምፖሉ ፍሰቱን ከ2 አምፔር በታች ስለሚገድበው ሽቦው አይቃጠልም። ሽቦው እየተወዛወዘ ሳለ አምፖሉ ቦግ ያለበት ቦታ ሽፋኑ የተላጠበት ነው፤ ብዙውን ጊዜም በር በተከፈተ ቁጥር ከሚታጠፈው የማጠፊያ ላስቲክ ውስጥ ይገኛል። የተላጠውን በቴፕ ብቻ መጠቅለል በጅዳ አይበጅም፤ የቴፑ ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ስለሚንሸራተት፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ማልበስ ይሻላል።