ገበያው ሲወርድ ጉዞውን ምን እናድርገው?

ቀድሞ ጡረታ ስለ መውጣት ከጻፍኩ በኋላ በውስጥ መስመር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። «ሥራሽን ለቀቅሽ፣ እሺ። ገቢሽ የቀነሰ ዓመት ግን መዞሩን ትተዪዋለሽ ወይስ ዋናውን ትበያለሽ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚህ ጉዳይ ከውጭ እንዳለ የተገለበጠ ምክር ብዙ ሰው ሲያሳስት ስለማይ ዛሬ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

አዲስ ለገባችሁ በአጭሩ፦ የምኖረው ጦር ኃይሎች ነው። የጡረታ መውጫ 60 ዓመት በሆነበት አገር እኔ በ40ዎቹ አጋማሽ ላይ የሒሳብ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው ግቢያችን ውስጥ ከሠራናቸው ሰርቪስ ቤቶች ኪራይ፣ ለዓመታት ጥቂት በጥቂት ከገዛሁት የባንክ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ እና ከጊዜ ገደብ ተቀማጭ ወለድ ነው። ባለቤቴም በቅርቡ ተከትሎኛል። ሁለታችንም ሥራ ያቆምነው ጉልበት ሳይከዳን አገር ለማየት ነው፤ ስለዚህ የጉዞው ነገር ለእኛ የትርፍ ጊዜ ወሬ አይደለም።

በዚህ ሕይወት ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአሜሪካ ነው። ዊሊያም ቤንገን የሚባል የፋይናንስ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካን የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ መረመረ። ጡረታ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከሀብቱ 4 በመቶ ገደማ አውጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ መጠን በዋጋ ንረት ልክ እየጨመረ ቢኖር ገንዘቡ 30 ዓመት እንደሚያዘልቀው አሳየ። ቁጥሩ ዓለምን አዳረሰ። ከጥናቱ ግን ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ የከፋ ዕጣ የገጠማቸው ጡረተኞች እ.ኤ.አ. በ1929ኙ ታላቅ የገበያ ውድቀት ዋዜማ ሥራ ያቆሙት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ያቆሙት ናቸው፤ ምክንያቱም ተከትሎ የመጣው የ1970ዎቹ የዋጋ ንረት ሀብታቸውን ከሥር በላው። ገበያ ወርዶ ይመለሳል። የተወደደ ዘይትና ሽንኩርት ግን ወደ ድሮ ዋጋው አይመለስም።

አሁን ይህን ወደ አገራችን አምጡት። በእኛ አቆጣጠር በ2014 የዋጋ ንረታችን ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ለቁጠባ እንዲከፍል የሚገደድበት ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። በዚህ ሒሳብ ብር ባንክ አስቀምጦ 4 በመቶ እያወጡ መኖር ማለት በየዓመቱ እየደኸዩ መኖር ነው። የ4 በመቶውን ሕግ እንዳለ ወደ ብር ገልብጠው የሚያስተምሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን እንዲያስቡበት ከልቤ እለምናለሁ፤ ሰው በዚህ ምክር ሥራውን እየለቀቀ ነው።

እኛ ዘንድ ገበያ የሚወርድበትም መንገድ የተለየ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በዚያው ቀን ከ74 በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ 100ን አለፈ። ናይሮቢ ወይም ዱባይ ደርሶ ለመመለስ 1,000 ዶላር የሚያስፈልገው ሰው ሐምሌ ላይ 57 ሺህ ብር ገደማ ይበቃው የነበረው፣ መስከረም ላይ ከ100 ሺህ በላይ ሆነበት። አክሲዮኔ በወረቀት አንድ ብር አልቀነሰም። የሚወስደኝ ርቀት ግን በግማሽ አጠረ።

የትርፍ ድርሻው ነገር ደግሞ አለ። ብሔራዊ ባንክ በሚያዝያ 2013 የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው፤ ነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 እንዲያሟሉም ጊዜ ሰጠ። ውሳኔው ለባንኮቹ ጥንካሬ በጎ ነው። እንደ እኔ በትርፍ ድርሻ ለሚኖር ሰው ግን ብዙ ጉባኤዎች «ትርፉ ካፒታል ማሳደጊያ ይሁን» ብለው ወሰኑ ማለት ነው። የአንዱን ዓመት ደብዳቤ አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ላይኛው መስመር ላይ የደረሰኝ የትርፍ መጠን፣ ቀጥሎ ለአዲስ አክሲዮን የተቀነሰው፣ መጨረሻ ላይ «በጥሬ የሚከፈል» በሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ። ሀብቴ ጨምሯል፤ ለአስቤዛ የሚሆን ግን የለም። ልሽጠው ብትሉ ደግሞ ገዥ ፈልጎ፣ አክሲዮን ክፍል ተመላልሶ፣ ቀን ቆጥሮ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በወጋገን ባንክ ሲጀምር በጣም ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ግን ገና ጥቂት ኩባንያዎች የተመዘገቡበት ጀማሪ ገበያ ነው፤ በቸገረኝ ቀን በሚገባው ዋጋ እሸጣለሁ ብዬ የቤቴን ኑሮ አልመሠርትበትም።

ኪራዩም ቢሆን እንደ ዋጋ ንረቱ አይሮጥም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ አከራይም በፈለገው ጊዜ እንዳይጨምር አድርጓል። ለተከራይ የሚገባ ሕግ ነው፤ እኔም ተከራይቼ ስላደግሁ አውቀዋለሁ። በኪራይ ጡረታ ለመውጣት ያሰበ ሰው ግን ገቢው ቆሞ ወጪው የሚሄድባቸውን ዓመታት አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ነገሩን አጥርቶ ያሳየኝ ከአሜሪካ ተመልሶ ቤቴል የገባ ወዳጄ ነው። የእሱ ገንዘብ ያለው በአሜሪካ አክሲዮኖች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚባለው የ500 ታላላቅ ኩባንያዎች መለኪያ በዓመቱ 19 በመቶ ያህል ሲወርድ እሱ ጭንቅ ውስጥ ነበር። ከጡረታ ሒሳቡ እንዳያወጣ 59 ዓመት ተኩል አልሞላውም፤ ቀድሞ ካወጣ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት አለው። ስለዚህ በወረደ ዋጋ ላለመሸጥ ብሎ የዚያን ዓመት የውጭ ጉዞውን ትቶ አገር ውስጥ ዞረ። በእኛ 2016 ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ብር ሲወድቅ እኔ የናይሮቢ ዕቅዴን አጠፍኩ፤ እሱ ደግሞ በዚያው ዶላር አርባ ምንጭ ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጠ። አንድ ከተማ እየኖርን የሚያስደነግጠን ዜና የተለያየ ነው። ማንም ሰው ምክር ከመቀበሉ በፊት ገቢው በየትኛው ገንዘብ እንደሚመጣ፣ ጉዞውን የሚከፍለውም በየትኛው እንደሆነ ይመልከት።

በወረደ ገበያ ለጉዞ ብሎ መሸጥ ለምን እንደሚጎዳ በቁጥር ላሳይ። አንድ ሰው 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ አክሲዮን አለው እንበል። የዓመት ወጪው 500 ሺህ፣ ከዚያ ውስጥ 150 ሺው ለጉዞ። ገበያው 30 በመቶ ወርዶ ሦስት ዓመት እዚያው ቆየ። በሦስቱ ዓመታት ለጉዞ ብቻ 450 ሺህ ብር የሚያወጣ አክሲዮን በርካሽ ሸጠ። ዋጋው ወደ ቀድሞው ሲመለስ ያ የተሸጠው አክሲዮን ወደ 643 ሺህ ብር ያወጣ ነበር። ይህ ከአንድ ዓመት ሙሉ ኑሮው ይበልጣል። ለእህል፣ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት መሸጥ ግድ ከሆነ ግድ ነው። ቤት ሳይናጋ ወዲያው ሊቀነስ የሚችለው ትልቁ ወጪ ጉዞ ነው፤ ጉልበቱም እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካኖቹ ከዚህ ተነሥተው «ገበያው እስኪመለስ ጉዞ አቁም» ይላሉ። በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ ለእኛ። የእኛ ክፉ ዓመት ብቻውን መጥቶ አይሄድም። ጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ ተቀነሰ። ጥቅምት 2013 ጦርነት ተጀመረ። 2014 የዋጋ ንረቱ፤ 2015 ክረምት ላይ የአማራ ክልል ግጭትና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፤ 2016 ምንዛሪው። ደህና ዓመት እስኪመጣ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ጉልበቱ አልቆ በሐኪም ትእዛዝ ቤት ይውላል። ስለዚህ ጉዞው ሳይቋረጥ መኮማተር እንዲችል አድርጎ ከመጀመሪያው ማደራጀት ይሻላል እላለሁ።

እኛ ቤት እንዲህ ነው። የሁለት ዓመት የቤት ወጪ በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ተቀምጧል፤ የመክፈያ ቀናቸው የተራራቀ ስለሆነ በየጥቂት ወሩ አንዱ ይደርሳል። የዋጋ ንረት እንደሚሸረሽረው አውቃለሁ። አክሲዮን በችግር ቀን እንዳልሸጥ የምከፍለው ዋጋ ነው። የደስታ ጉዞ የራሱ ሒሳብ አለው፤ እዚያ የሚገባው በጥሬ የመጣ የትርፍ ድርሻና ከቤት ወጪ የተረፈ ወለድ ብቻ ነው። ባንኮች ሰኔ ላይ ሒሳብ ዘግተው፣ ኦዲት አስደርገው፣ ጉባኤያቸውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚያደርጉ የዓመቱን ጉዞ የምናቅደው ከዚያ በኋላ ነው። በጥሬ ብዙ ከመጣ አውሮፕላን፤ ካነሰ ባቡር ወይም አውቶቡስ፤ ምንም ካልመጣ ደርሶ መልስ።

ደርሶ መልስ ስል እንደ ቅጣት እንዳታዩት። የትርፍ ድርሻው በሰረዝ የመጣበት ዓመት ወንጪ ነበር የሄድነው፤ ከቤታችን በአየር ጤና፣ በዓለም ገና፣ በሰበታና በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ፣ ከዚያ ወደ ተራራው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ቅዳሜና እሑድ መኪና ተደርድሮ ፈረስ በወረፋ በሚገኝበት ቦታ ላይ ፈረሰኛው ጎረምሳ እኛን ብቻ ይዞ፣ እየቆመ የእያንዳንዱን ማሳ ባለቤት እየነገረን ወረደ። ከእንሰቱ መሐል ጭስ ይወጣል፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ሐይቁ ከታች ብቅ ይላል። በጀልባ ተሻግረን ደሴቱ ላይ ያለውን ቂርቆስን ተሳልመን፣ የያዝነውን በሶ በጥብጠን ጠጥተን፣ ሲመሽ ጦር ኃይሎች ነበርን። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች፤ ሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣባትን ቦታ እኛ በአንድ ቀን አይተን እንመለሳለን። ሥራ ያቆመ ሰው ከገንዘብ ይልቅ የተረፈው ቀን ነው። ሠራተኛ በጥምቀት ሰሞን በውድ የሚተኛበትን አልጋ እኛ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ በመደበኛ ዋጋው እናገኘዋለን፤ ረዘም አድርገን ስንቀመጥ ደግሞ ይቀንሱልናል።

የውጭ ጽሑፎች የማያነሡት፣ እኛ ግን ልናልፈው የማንችለው ሌላ ጉዞ አለ፦ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሕመምተኛ መጠየቅ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ጎንደር ናቸው። መንገዱ አስጊ በሆነባቸው ጊዜያት በአውቶቡስ የሚደረሰው ለቅሶ በአውሮፕላን ሆነ፤ ገቢያችን በቀነሰበት ዓመት የግድ ጉዟችን ወጪ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ከደስታ ጉዞ ጋር አንድ ሒሳብ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ሁለቱንም ያጣል። እኛ የግድ ጉዞን እንደ መብራትና ውኃ ከቤት ወጪ ጋር ነው የምንይዘው፤ የሁለት ዓመቱ መጠባበቂያ ሲሰላም እሱን ጨምሮ ነው።

እናቴ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተሳለችው ነው። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጉልበቷም ደረጃ መውጣት እየከለከላት ነው። ይህን ጉዞ በየትኛው ሒሳብ እንደማደርገው ከባለቤቴ ጋር ብዙ አልተነጋገርንም። የንግሡ በዓል ታኅሣሥ 19 ከመድረሱ በፊት ከለቡ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በመኪና ቁልቢ እንወስዳታለን። የትርፍ ድርሻው በጥሬ ቢመጣም በአክሲዮን ቢመጣም ወጪው ከግድ ጉዞ ነው። ካነሰ ኅዳር ላይ የሚደርሰውን ተቀማጭ ሳላድሰው አወጣዋለሁ።