«እኔ» የሚለው ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፤ ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል ስታልፍ በፎገራ ሜዳ ደበሎ የለበሰ፥ አኮፋዳ ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ ቢያጋጥምህ አትናቀው። የባለጸጋ ልጅ ቢሆንም እንኳ ውሻ እየጮኸበት ከሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ልመናው ሆዱን ከመሙላት አልፎ ኩራቱን ይሰብርለታል።

በጥንታዊት ሕንድም ደቀ መዝሙር ከየቤቱ ምግብ እየለመነ ለመምህሩ ያቀርብ ነበር። የሕንድ ሊቃውንት «እኔ፥ የእኔ» የሚለውን ስሜት «አሃምካራ»፥ ከሥጋና ከሐሳብ በስተኋላ ያለውን እውነተኛ ማንነት ደግሞ «አትማን» ይሉታል። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው ሻንካራ፥ አትማን «ብራሕማን» ከሚባለው ፍጹም ህላዌ ጋር አንድ ነው ሲል አስተማረ። በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የማር ይስሐቅን መጽሐፍ የሚያነቡት የእኛ መነኮሳት ግን ፍጡርን ከፈጣሪ ይለያሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ «እኔ» ባይነት ካልተሸነፈ እውነት አይታይም።

አንተም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፥ ባለጉዳይ ከጠረጴዛህ ፊት ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ» ሲልህ ደረትህ ቢነፋ፥ ቆም ብለህ ራስህን ጠይቅ። እጅ የተነሣው ለአንተ ነው ወይስ ለወንበሩ? ወንበሩ እንደ ሆነ ነገ የሌላ ነው።