በድሬዳዋ አሸዋማ ወንዞች ላይ የሚገነቡ ድልድዮች መሠረት አስተማማኝነት በቁጥር ሊለካ ይገባል

ከዋሂል አካባቢ እስከ ከተማዋ ድረስ በድሬዳዋ አስተዳደር የሚገኙ ብዙ ወንዞች አብዛኛውን ዓመት ደርቀው ይቆዩና ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል በድንገት ይሞላሉ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ማጥፋቱ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ጎርፍ ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ደለል አደባልቆ ስለሚያስቀምጥ በአንዱ የድልድይ ምሰሶ ሥር የተገኘው አፈር በሌላው ሥር ላይገኝ ይችላል።

በዚህ ዓይነት መሬት ላይ በተለምዶ ፓይል የሚባለው ጥልቅ መሠረት ተመራጭ ነው። በቀድሞው አሠራር መሐንዲሱ የፓይሉን አቅም ይገምትና ለ2.5 ወይም ለ3 በማካፈል የሚፈቀደውን ጭነት ይወስን ነበር። ይሁንና ማካፈያው ግምቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን አይገልጽም።

ለአብነት በሁለት ቦታዎች የአንድ ፓይል አማካይ አቅም 2 ሺህ 500 ኪሎኒውተን፣ አማካይ ጭነቱ 1 ሺህ፣ የጭነቱ መደበኛ ልይይት ደግሞ 150 ነው እንበል። ማካፈያው በሁለቱም ቦታ 2.5 ነው። የአቅም ግምቱ ልይይት በአንደኛው ቦታ 400 ቢሆን ፓይሉ ጭነቱን ያለመሸከም ዕድሉ ከ10 ሺህ 2 ገደማ ይሆናል። በሌላው ቦታ ልይይቱ 1 ሺህ ቢደርስ ግን ዕድሉ ከ100 ወደ 7 ያሻቅባል። በወረቀት ላይ እኩል የሚመስሉት ሁለት መሠረቶች በእርግጥ እኩል አይደሉም።

በአስተማማኝነት ላይ የተመሠረተው የዲዛይን ዘዴ ይህን ልዩነት በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። የቀድሞው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የድልድይ ዲዛይን መመሪያ የተከተለው የአሜሪካ ደረጃ በስሌት ብቻ የተገመተን የተቀጠቀጠ ፓይል አቅም እንደ ዘዴው በ0.30 ወይም በ0.45 ያባዛል። በቦታው የጭነት ሙከራ ከተደረገ ማባዣው ወደ 0.75 ከፍ ስለሚል አንዱ ፓይል የሚፈቀድለት ጭነት ይጨምራል፤ የሚያስፈልገው የፓይል ብዛትም ይቀንሳል። በመሆኑም ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ሙከራውን ከውል ሰነድ የሚሰርዝ መሥሪያ ቤት ያንኑ ገንዘብ በኮንክሪትና በብረት መልሶ ሊከፍል ይችላል።

ሙከራው የማይመልሰው ጥያቄም አለ። ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል ተብሎ የሚገመተው የላይኛው አፈር በፓይሉ አቅም ውስጥ ስለማይቆጠር የጎርፉ ጥናት የፓይሉ ርዝመት ከመወሰኑ በፊት መጠናቀቅ አለበት።