ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት «ሎጉ ምን ይላል?» በሉ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ «ይሄ ፎርማት ይፈልጋል» የምትለዋን ፍርድ ሳትሰሙ አትቀሩም። ኮምፒውተሩ ለመነሳት ከዘገየ ፎርማት። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ከደረደረ ፎርማት። ፕሪንተሩ አልታዘዝም ካለ እሱም ፎርማት። ችግሩ ግን ፎርማት ማለት መደምሰስ መሆኑ ነው። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የነጋዴው ሒሳብ፣ የሙሽሮቹ የጥሪ ካርድ፣ የባለጉዳዩ ማመልከቻ፣ ሌላ ቦታ ኮፒ ካልተያዘለት ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ደግሞ ከፍለን ነው።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር በተነሳ ቁጥር ማን ቀድሞ እንደጀመረ፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን እንደወደቀ ሰዓትና ደቂቃ ጠቅሶ ይጽፋል። ይህን ማስታወሻ ሳያነቡ «ማሽኑ ሞቷል» ማለት የልብ ትርታውን ሳያዳምጡ ሬሳ ነው ብሎ ለመቅበር መቸኮል ነው።

«ሊኑክስ እኔን ምን አገባኝ?»

ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ በደንብ ያገባችኋል። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የሊኑክስ ከርነል ዛሬ የእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ እምብርት ነው። ቴክኖውም፣ ሳምሰንጉም፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃ የሚመዘግቡበት አንድሮይድ ታብሌትም እሱው ነው። የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓትም ሰርቨሩ ላይ ሲጫን የሚመከረው ኡቡንቱ ሊኑክስ ነው።

የዴስክቶፑ ጉዳይ ደግሞ ከኪስ ጋር የተያያዘ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ብዙዎቹ የእኛ አካባቢ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን መስፈርት አያሟሉም። አዲስ መግዛት ለማይችል ሰው ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት በነፃ የሚገኝ ሕጋዊ አማራጭ ነው።

ማን ይቅደም?

ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው አነስተኛ ፕሮግራም ዕቃዎቹን ይፈትሻል። ቀጥሎ ቡትሎደር ከርነሉን ይጠራል። ከርነሉ ደግሞ ቁጥር 1 የሚባለውን የመጀመሪያ ፕሮግራም ያስነሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚያሰማራው እሱ ነው፤ ኔትወርኩን፣ ፕሪንተሩን፣ ሰዓቱን፣ የመግቢያ ገጹን። እነዚህ ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሰርቪስ ይባላሉ።

ድሮ ሰርቪሶቹ የሚነሱት ቁጥር ተሰጥቷቸው በሰልፍ፣ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየቀጠለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ ሲስተምዲ የተባለውን ሥርዓት ይዘው መጡ። ዴቢያንና ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2015 መደበኛ አድርገው ተቀበሉት። ጭቅጭቁ ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ሊኑክስ የሚነሳው በእሱ ነው።

የሲስተምዲ ዘዴ ቡና ከማፍላት ጋር ይመሳሰላል። ቡናው እየተቆላ ውሃው ሊጣድ ይችላል፤ ሁለቱ አይጠባበቁም። ያልተወቀጠ ቡና ግን ጀበና ውስጥ አይገባም። ሲስተምዲም እንዲሁ የማይጠባበቁትን ሰርቪሶች ባንድ ላይ ያስነሳል፤ አንዱ ሌላውን የግድ የሚፈልግ ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል።

ሦስት ጥያቄዎች

ትእዛዞቹ ተርሚናል ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ አነባበባቸውን አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ለመነሳት ስንት ሰከንድ ፈጀ? «ሲስተምዲ-አናላይዝ» ብትሉት ጠቅላላውን ይነግራችኋል። «ብሌም» የሚለውን ስትጨምሩ ሰርቪሶቹን ከዘገምተኛው ጀምሮ ይደረድራል። ግን ተጠንቀቁ፤ ባንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ቁጥሮቹን መደመር አይቻልም። 20 ሰከንድ የወሰደው ሰርቪስ ማንንም ሳያስጠብቅ ለብቻው ሲሠራ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ማን ማንን እንዳስጠበቀ ለማየት በ«ብሌም» ፋንታ «ክሪቲካል-ቼይን» በሉት።

ሁለተኛ፣ የወደቀ አለ? «ሲስተምሲቲኤል» ብላችሁ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ «ፌይልድ»። የወደቁት ሰርቪሶች በስማቸው ይወጣሉ።

ሦስተኛ፣ ለምን ወደቀ? ማስታወሻው የሚነበበው «ጆርናልሲቲኤል» በሚለው ነው። ሰረዝና «ቢ» ስትጨምሩ የዛሬውን አነሳስ ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ ቀጥላችሁ ሰረዝ 1 ብትሉ ደግሞ ያለፈውን።

ኢንተርኔት ከሌለስ? ነሐሴ 2015 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን የማያስታውስ የለም። ዩቲዩብ ላይ ተመልክቶ መጠገን የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። ሊኑክስ ላይ ግን የየትእዛዙ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ውስጥ አብሮ ይመጣል። «ማን» ብላችሁ የትእዛዙን ስም አስከትሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ቡሬ ላይ ያየሁት

ቡሬ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠሩ አንዲት እናት ኮምፒውተራቸው እምቢ ብሏቸው ነበር። ሚንት የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ያወጣል፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ይቆጥራል፤ ከዚያ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ብሎ ይቆማል። «ልጄ፣ ሀርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፣ ፎርማት ነው የሚያዋጣው ብለውኛል» አሉኝ። ውስጡ የደንበኞቻቸው የሁለት ዓመት ሥራ አለ።

«ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ እሱ ራሱ የሚለውን እንስማው» አልኳቸው። ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ገብተን የሀርድ ዲስኩን ማስታወሻ ከፈትነው። ቃሉ ግልጽ ነበር፤ አንድ ዲስክ 90 ሰከንድ ጠብቄ አጣሁት ይላል። የጠፋው ግን ዋናው ዲስክ አይደለም። ለመጠባበቂያ የተሰካ የውጭ ሀርድ ዲስክ ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸው ነቅሎ ባሕር ዳር ይዞት ሄዷል። «ኤፍኤስታብ» የሚባለው ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙ እንደ ግዴታ ተጽፎ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ለቀናት ሳይጠፋ ስለሠራ ማንም ልብ አላለውም። መብራት ጠፍቶ እንደገና ሲነሳ ነው የታየው።

መፍትሔው አንድ ቃል ሆነ። እዚያ መስመር ላይ «ኖፌይል» ስንጨምር ትርጉሙ «ካለ ክፈተው፣ ከሌለ እለፈው» ይሆናል። ሰነዶቹ አንድም አልጎደሉም። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ሁለት ዓመቱ አብሮ ይሄድ ነበር።

የማይነሳ ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ ቀላል አይደለም። ዲስክ በእርግጥ ይሞታል። ግን ዲስክ ሲሞትም ከርነሉ ማንበብ አቃተኝ እያለ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይጽፋል። ያን ያነበበ ሰው ፋይሉን በጊዜ ያወጣል።

መብራቱን የሚቆጥር መዝገብ

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ከሁሉም የሚማርከኝ ይሄኛው ነው። «ጆርናልሲቲኤል» ብላችሁ ሁለት ሰረዝ፣ ከዚያ «ሊስት-ቡትስ» ብትሉ ኮምፒውተሩ የተነሳበትን እያንዳንዱን ጊዜ፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቃሉን ሰዓት ጭምር ይዘረዝራል። በሥርዓት የተዘጋ ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ «ሰርቪሶችን እያቆምኩ ነው» ብሎ ይሰናበታል። መብራት የነጠቀው ግን በመሀል ይቋረጣል። ወር ሙሉ የተቋረጡትን ብትቆጥሩ የራሳችሁን ሱቅ የመብራት መዝገብ አገኛችሁ ማለት ነው። ዩፒኤስ ልግዛ ወይስ ልተው የሚለው ጥያቄ ያኔ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይመለሳል።

ስሌቱን እንየው። መብራት በቀን 4 ጊዜ ይጠፋል እንበል፤ ኮምፒውተሩም በተነሳ ቁጥር 90 ሰከንድ በከንቱ ይጠብቃል እንበል። በቀን 6 ደቂቃ ነው። በ26 የሥራ ቀን 156 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ የባከነ ሰዓት ነው።

ሦስት ነገሮች ግን ልብ በሉ። አንድ፣ በአንዳንድ ሊኑክስ ማስታወሻው የሚቀመጠው ራም ላይ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ጆርናልዲ» በሚባለው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ስቶሬጅ» የሚለውን «ፐርሲስተንት» ብታደርጉት ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዲስክ እንዳይሞላም «ሲስተም-ማክስ-ዩዝ» በሚለው ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ 200 ሜጋባይት ለሱቅ ይበቃል። ሁለት፣ ተራ መልእክቶች ወደ ዲስክ ተጠቃለው የሚጻፉት በየ5 ደቂቃው ስለሆነ ከመብራት መጥፋት በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይገኙ ይችላሉ። ሦስት፣ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ማስታወሻው 8፡30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2፡30 ነው፤ ቀኑም እንዲሁ የእነሱ ነው። ዓመቱ ጭራሽ ያልሆነ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃ ይሆናል። እሷን መቀየር ከፎርማት በብዙ ይቀላል።

ማን ይቅር?

ዘገምተኛውን ካወቃችሁ በኋላ የማያስፈልገውን ማስቀረት ትችላላችሁ። ብሉቱዝ የሌለው ዴስክቶፕ የብሉቱዝ ሰርቪስ ምን ይሠራለታል? «ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል» ሰርቪሱ በራሱ ጊዜ እንዳይነሳ ያደርጋል፤ ሌላ ፕሮግራም ከጠራው ግን ሊነሳ ይችላል። «ማስክ» ደግሞ ማንም እንዳይጠራው ይዘጋዋል። ስሙን የማታውቁትን አትንኩ። አንዱን አጥፉ፣ እንደገና አስነሱ፣ ማስታወሻውን እዩ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እለፉ። «ከፕስ» የሚባለው የፕሪንተር ሰርቪስ መሆኑን አትርሱ፤ ማተሚያ ቤት እሱን ካጠፋ ሥራው ቆመ ማለት ነው።

ስልካችሁም ከዚህ አይለይም። አንድሮይድ ሲስተምዲን ባይጠቀምም የራሱ ቁጥር 1 ፕሮግራም አለው። አፖችም «ስልኩ ሲነሳ ንገረኝ» ብለው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ «ፎን ማስተር» ውስጥ ገብታችሁ በራሳቸው የሚነሱትን አፖች ማየትና መከልከል ትችላላችሁ። ገጠር ላላችሁና ስልካችሁን በገበያ ቀን ከተማ ወጥታችሁ ቻርጅ ለምታስደርጉ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የባንክ አፕና የመልእክት አፕ ግን አትከልክሉ፤ ማሳወቂያ ሊቀርባችሁ ይችላል። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለው «ባግ ሪፖርት» ደግሞ የስልኩን ማስታወሻ ያወጣል። የግል መረጃ ስላለበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት።

ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፏል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ገበያው ይበላሻል ይላል። የጥገና ገበያችንም ይኸው ነው። ጠጋኞቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ፎርማት ለእነሱ ፈጣን ነው፣ ውጤቱም የታወቀ ነው። የሚጠፋው ፋይል ግን የእነሱ አይደለም፤ የእኛ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ሎጉ ምን ይላል?» ሊያሳያችሁ የሚችል ጠጋኝ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙት፣ ለጓደኛም ንገሩ።