በይግባኝ የተሻረ ፍርድ

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል፡፡ እኔ ግን ሳልይዘውም ተደናገርኩ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ የእህቴ ልጅ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ሲታር ገዛ፡፡ ቅርጹ ጊታር ነው፤ ድምፁ ወደ ሕንዱ ሲታር ያደላል፡፡ ከሚመቱት ስድስት ክሮች ጎን ማንም የማይመታቸው አሥራ ሦስት ቀጫጭን ክሮች ተወጥረዋል፡፡ «ጋሼ፣ እነዚህ አይሠሩም» አለኝ፡፡ «እንግዲያው በግማሽ ዋጋም ቢሆን ሽጠው» ብዬ ፈረድኩ፡፡ ተከሳሹን ሳይሰሙ መፍረድ ሕግ ለተማረ ሰው ያሳፍራል፡፡

መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1967 ዳንኤሌክትሮ ከጊታሪስቱ ቪንሰንት ቤል ጋር ሠርቶ ባወጣው «ኮራል» አምሳያ የተሠራ ነው፡፡ አሥራ ሦስቱ ክሮች የሚጮኹት በመመታት ሳይሆን በመስማማት ነው፡፡ ዋናው ክር ሲመታ ንዝረቱ በድልድዩና በእንጨቱ አልፎ ይደርሳቸዋል፡፡ ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ በጊዜው ሲገፉት ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ክርም ከራሱ ቅኝት ጋር የሚገጥም ንዝረት ሲያገኝ ይነሳል፡፡ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በ440 የተቃኘውን ክር ይቀሰቅሳል፤ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ በ466 የተቃኘው ግን ዝም ይላል ማለት ይቻላል፡፡ የሚደርሳቸው ንዝረት አነስተኛ በመሆኑም ለእነዚህ ክሮች ብቻ የራሱ ድምፅ መቆጣጠሪያ ያለው ሌላ ፒክአፕ ተገጥሟል፡፡

ብዙዎቻችን ያ የሚነዝረው የሲታር ድምፅ ከአሥራ ሦስቱ የሚወጣ ይመስለናል፡፡ አይደለም፡፡ የሚወጣው ስድስቱ ክሮች ከሚያርፉበት ሰፊና ጠፍጣፋ ድልድይ ነው፤ ክሩ ሲርገበገብ ገጹን እየነካካ ይነዝራል፡፡ የእኛም በገና እንዝራ በምትባለው ቁራጭ ቆዳ የሚያገኘው ነዛሪ ድምፅ የዚሁ ዘመድ ነው፡፡ ምስክር ካስፈለገ፣ «ቤቢ ሲታር» የተባለው ታናሽ ሞዴል አሥራ ሦስቱ ክሮች የሉትም፤ ይነዝራል ግን፡፡ የአሥራ ሦስቱ ድርሻ ዋናው ድምፅ ካበቃ በኋላ ከበስተጀርባ የሚቆየው ጭጋግ መሰል ማስተጋባት ነው፡፡

ገዢው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው መሣሪያውን መረመርነው፡፡ አሥራ ሦስቱም ላልተዋል፤ የፒክአፓቸው ድምፅም ተዘግቷል፡፡ በግማሽ ድምፅ እያራራቅን አንድ በአንድ ቃኘናቸው፡፡ ልጁ አንዱን ክር መትቶ በመዳፉ ዝም አሰኘው፡፡ ድምፁ ግን አልጠፋም፤ ያልተነኩት ክሮች ይዘውት ቀሩ፡፡

ገዢው በማግስቱ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፡፡ የእኔም ፍርድ በይግባኝ ተሻረ፡፡