አክታ፣ ሳልና የተዘጋ መስኮት

ከአገና ወደ ወልቂጤ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ውስጥ ተሳፋሪን ከሚያማርሩ ልማዶች መካከል አክታን ባገኙበት መትፋትና አፍን ሳይሸፍኑ ማሳል ይገኙባቸዋል። «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ መስኮት ማዘጋት ግን በደጋው ቅዝቃዜ ምክንያት እንደ ነውር አይቆጠርም። በሳንባ ቲቢ መተላለፍ ረገድ ሲመዘን፣ የአደጋው መጠን ከአስጸያፊነቱ ጋር አይገጥምም።

ሮበርት ኮህ የቲቢን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1882 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ ደርቆ ከአቧራ ጋር የሚቦን አክታ ዋነኛው የበሽታው መተላለፊያ ነው የሚል እምነት ተስፋፍቶ ነበር። የኒውዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ1896 በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች መትፋትን ከለከለች። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ በባልቲሞር ባካሄዱት ሙከራ፣ የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር ብቻ የተነፈሱ የሙከራ እንስሳት በበሽታው ተይዘዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕመምተኛው ሲያስል ከሚወጡት ጠብታዎች ውስጥ ጥቃቅኖቹ ውሃቸው ተንኖ ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚደርሱ ቅንጣቶች ይሆናሉ፤ በተዘጋ ስፍራ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ ሲተነፈሱም እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። መሬት ላይ የወደቀ አክታ ግን ወደዚህ መጠን በቀላሉ አይበተንም፤ የፀሐይ ብርሃንም ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ይህ ሲባል ግን መትፋት ለንጽሕናም ለጨዋነትም ተገቢ ነው ማለት አይደለም።

በአንጻሩ የመስኮት ጥቅም ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሊማ ሆስፒታሎች ላይ የታተመ ጥናት፣ መስኮትና በር መክፈት አየርን በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ እንደሚለውጥ አሳይቷል።

ስለዚህ «አትትፉ» ብቻ ብሎ የሚያበቃ የጤና ትምህርት ዋናውን መንገድ ክፍት ይተዋል። የሚያስለውን ሰው በአደባባይ ማሸማቀቅም ሳሉን እንዲደብቅና ምርመራውን እንዲያዘገይ ያደርገዋል። በመሆኑም የሚከተሉትን ማስተማር ይገባል፦

1. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው የአክታ ምርመራ ያድርግ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።
2. የሚያስል ሰው አፉንና አፍንጫውን በመሐረብ፣ በነጠላ ወይም በክንድ መታጠፊያ ይሸፍን።
3. ሹፌሮችና ረዳቶች በግራና በቀኝ ያሉ መስኮቶችን ይክፈቱ፤ ብርድ የሚፈራ ተሳፋሪም ጋቢ ይደርብ እንጂ አየሩን አይዝጋ። ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ እንጂ ነፋስ አይደለም።
4. ትክክለኛ ሕክምና የጀመረ ሕመምተኛ በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሉ በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ሊገለል አይገባውም።

የጤና ባለሙያም ይህን ለሌሎች ከማስተማሩ አስቀድሞ፣ የራሱ ጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕሙማን መጠበቂያ መስኮቶች ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጥ። በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያስለው ሰው፣ ነፍሰ ጡሯና ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖረው ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉና።