የአዞ ቆዳ ቦርሳ፦ ከእንቁላሉ እስከ ስፌቱ

በእጅ የሚሠራ የአዞ ቆዳ የሰነድ ቦርሳ በአብዛኛው የሚወጣው ከእንስሳው ሆድ ነው። የጀርባው ቅርፊት ከሥሩ አጥንት ስላለበት ለማጠፍም ለመስፋትም ያስቸግራል። የሆዱ ቆዳ ግን ለስላሳ ነው፤ መሃል ላይ አራት ማዕዘን የሆኑት ቅርፊቶቹም ወደ ጎን በሄዱ ቁጥር እያነሱና እየከበቡ ይመጣሉ። የበግና የከብት ቆዳ በካሬ ጫማ ሲሸጥ የአዞ ቆዳ የሚለካው በሆዱ ወርድ፣ በሴንቲሜትር ነው። ለትንሽ የገንዘብ ቦርሳ አንድ ቆዳ ይበቃል። የሰነድ ቦርሳ ግን ፊቱም ኋላውም ሰፊና ጠባሳ የሌለው ቆዳ ስለሚፈልግ፣ ቀለማቸውና የቅርፊታቸው አደራደር የሚመሳሰል ከአንድ በላይ ቆዳዎች ተመርጠው ይጣመራሉ። ዋጋውን ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ ይህ ምርጫ ነው።

ዝርያውን ራሱ ቆዳው ይናገራል። እንደ ናይል አዞ ያሉት እውነተኛ አዞዎች በየሆድ ቅርፊታቸው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አለቻቸው፤ በውሃ ውስጥ የሚፈጠር ንቅናቄ የሚሰማቸው በዚህች ነጥብ ነው። የአሜሪካው አሊጌተር ይህ ነጥብ ያለው በመንጋጋው ዙሪያ ብቻ ሲሆን፣ በሆዱ ላይ የእትብት ጠባሳ ይታያል። ካይማን የሚባለው የላቲን አሜሪካ ዘመዳቸው ሆዱም ጭምር አጥንት አለበት፤ ቀለም እኩል አይቀበልም፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። የሚረክሰውም በዚህ ምክንያት ነው። አጉሊ መነጽር ይዞ ሆዱን የመረመረ ገዢ ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

ጥሬው ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ታሽቶ ወደ ቆዳ ፋብሪካ ይላካል። እዚያ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በኖራ ተነክሮ የላይኛው ሽፋኑ ይለቃል፤ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም በአሲድ ይሟሟል። ከዚያ የክሮም ጨው ከቆዳው የኮላጅን ጭረቶች ጋር ሲተሳሰር ቆዳው ለመበስበስ የማይበገር ይሆናል። አንጸባራቂው ዓይነት በመጨረሻ በማሽን ክንድ ላይ በተገጠመ የአጌት ድንጋይ ደጋግሞ ይታሻል፤ ያንን ጥልቅ ድምቀት የሚያወጡት ጫናውና የፍትጊያው ሙቀት ናቸው።

ሰፊው ቆዳውን ከሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ ያሳሳዋል፣ በወስፌ ይበሳዋል፣ ከዚያም በንብ ሰም የታሸ የተልባ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንዱ ቀዳዳ ያሳልፋል። በማሽን ስፌት የላይና የታች ክሮች እርስ በርስ ስለሚያያዙ አንዱ ሲበጠስ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን በአንድ በኩል ቢበጠስ ሌላው በኩል ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት የሚያኮራው ቆዳው በሕጋዊ መንገድ የተገኘ ሲሆን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ልጓም ያጣ አደን ብዙ የአዞ ዝርያዎችን ወደ ጥፋት ገፍቷቸው ነበር። የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የአሊጌተር አደንን ዘጋች፤ በ1967 እንስሳው በአገሪቱ ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ገባ። ሲያገግም ግዛቲቱ በ1972 አደኑን በቁጥጥር ከፈተች፤ በ1987 ደግሞ እንስሳው ከመዝገቡ ወጣ። ዛሬ በሉዊዚያና ብቻ በዱር የሚኖሩት ከ2 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል። ይህን ያመጣው ክልከላ ብቻ አይደለም። የጠረፉ ረግረግ አብዛኛው የግል ይዞታ ነው፤ ባለመሬቱ ከእንቁላልና ከቆዳ ገቢ ሲያገኝ ረግረጉን አድርቆ ለሌላ ጥቅም ለማዋል አይቸኩልም። እንቁላል የሰበሰበ አርቢም ከፈለፈላቸው የተወሰኑትን አሳድጎ ወደ ዱር የመመለስ ግዴታ አለበት።

እንቁላል መሰብሰቡም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ ብዙም ሳይቆይ ጽንሱ ከላይኛው የቅርፊት ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ፣ የተገለበጠ እንቁላል ውስጥ ያለው ጽንስ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች አናቱ ላይ ምልክት አድርገው እንደተቀመጠ ያነሡታል። የጫጩቱን ጾታ የሚወስነው ደግሞ እንቁላሉ የሚታቀፍበት ሙቀት ነው፤ ከአሊጌተር እንቁላል በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሴት፣ በ33 ገደማ ወንድ ይፈለፈላል።

ዓለም አቀፉን ንግድ የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ሳይተስ የተባለው ስምምነት ነው። በአባሪ 1 የተመዘገበን የዱር እንስሳ ለንግድ ማስወጣት ክልክል ነው፤ በአባሪ 2 ያለው በፈቃድ ይወጣል። የናይል አዞ በብዙ አገሮች በአባሪ 1 ሲሆን የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የዚምባብዌና የሌሎች ጥቂት አገሮች አዞዎች በአባሪ 2 ናቸው። ከሐይቅ እንቁላልና ጫጩት ሰብስቦ የሚያሳድገው የአርባ ምንጭ አዞ ራንች ቆዳ ለውጭ ገበያ ማቅረብ የቻለው በዚህ መሠረት ነው። በዱር ቢቀር አብዛኛው እንቁላልና ጫጩት የአርጃኖ፣ የወፍና የሌላ አዳኝ ሲሳይ ስለሚሆን፣ ከዚያ ላይ በልክ መውሰድ በሐይቁ የአዞ ቁጥር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትልልቆቹን ከመግደል እጅግ ያነሰ ነው።

ከአገር የሚወጣ እያንዳንዱ የአዞ ቆዳ አንዴ ከተቆለፈ ዳግም የማይከፈት መለያ ይታሰርበታል፤ በላዩ የአገሩ መለያ ፊደላት፣ የዝርያው ምልክትና ተከታታይ ቁጥር ይሰፍራሉ። ቆዳው ተቆርጦ ቦርሳ ሲሆን መለያው ይወገዳል። ከዚያ በኋላ ማስረጃው ወረቀት ነው፦ ወርክሾፑ የገዛበት ደረሰኝና ቆዳው የገባበት ፈቃድ። ስለዚህ ይህን ሊያሳይ የማይችል ሻጭ ቦርሳው የቱንም ያህል ቢያምር ሊታመን አይገባውም። በስምምነቱ መሠረት መንገደኛ ለግል መጠቀሚያው እስከ አራት የሚደርሱ በአባሪ 2 ካሉ አዞዎች የተሠሩ ዕቃዎችን ያለ ፈቃድ ይዞ ድንበር ሊሻገር ይችላል፤ ጠበቅ ያለ ሕግ ያላቸው አገሮች ግን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለሽያጭ ወይም በፖስታ የሚላክ ቦርሳ ከዚህ ነጻነት ውጭ በመሆኑ ፈቃዱ አብሮት መጓዝ አለበት።